አራት የባሕር ዳር ልጆች በክሮኤሺያ ደሴቶች

ባሕር ዳር ላደገ ሰው ደሴት ማለት ገዳም ነው። ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ሲባል እየሰማን አደግን። ከዳር ቆመን አሻግረን እናያቸዋለን። በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ሰው እናያለን። የረገጥናቸው ደሴቶች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ዛሬ አንዱ ስቶክሆልም፣ አንዷ ሚላኖ፣ ሁለታችን ፍራንክፈርት ነን። ዓመት ሙሉ እያንዳንዳችን በወር 150 ዩሮ እየጣልን አጠራቀምን። ስሙን ዕቁብ አልነው፤ ዕጣው ግን ለአራታችንም በአንድ ቀን ወጣ። ክሮኤሺያን የመረጠችው የሚላኖዋ ናት። ካርታውን ከፍታ አሳየችን። ደሴቶቹ ከባሕሩ ጠረፍ ጎን ለጎን እንደ መቁጠሪያ ተደርድረዋል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ በጀልባ ይኬዳል። ወረቀቱም ቀላል ነው። ሁለታችን አሁንም የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ነው የያዝነው። ክሮኤሺያ ከጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት፤ ዩሮም የጀመረችው በዚያው ቀን ነው። ቪዛ የለ፣ ምንዛሬ የለ።

ስማችን እንዳይጻፍ ስለተስማማን የስቶክሆልሙን «ዲያቆኑ» እለዋለሁ። ልጅ ሆኖ ያገለግል ስለነበር እስከ ዛሬ የምንጠራው እንደዚያ ነው። ሴቷን «ሚላኖ» እላታለሁ። ከኔ ጋር ፍራንክፈርት የሚኖረው ደግሞ የጉዞው ገንዘብ ያዥ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዋጋዎች አብዛኞቹ ከሱ ደብተር የተወሰዱ ናቸው።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ፦ ስፕሊት

የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ነው። የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል። ዲያቆኑ ጾሙን ጨርሶ በመምጣቱ «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» የሚለው የድሮ ክርክራችን ሳይነሣ ቀረ።

አገር ቤት ክረምት ገብቷል፣ ስፕሊት ግን ሙቀቱ ያቃጥላል። ድንጋዩ ራሱ ይተነፍሳል። የተከራየነው ቤት የድሮው የሮማ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ግንብ ውስጥ ነው። አራት ፎቅ በጠባብ የድንጋይ ደረጃ ይወጣል፤ ለአራት ሰው በሌሊት 140 ዩሮ። በመስኮት ሳይ ከ1,700 ዓመት ግድግዳ እስከ ፊት ለፊቱ ቤት ገመድ ተወጥሯል። የተሰጣውም የልጅ ካልሲና የወጥ ቤት ፎጣ ነው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል። ግንቡ ሙዚየም ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ የምወደው አይመስለኝም።

ማታ ከአሳ ገበያው ጀርባ በላን። በከሰል የተጠበሰ ዓሣ መጣ፣ ወይራ ዘይት ፈሶበታል። ከጎኑ ብሊትቫ የሚሉት ነበር። ሚላኖ አንዴ ጎርሳ «ይሄማ ቆስጣ በድንች ነው!» አለች። እውነትም ቆስጣ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። ዳጣ ብቻ ነው የቀረው። ለአራታችን 92 ዩሮ ከፈልን።

ሐምሌ 6፣ እሑድ፦ ዲዮቅልጥያኖስ ቤት

ማለዳ፣ ቱሪስቱ ሳይነሣ ወጣን። ዲያቆኑ የግንቡን ታሪክ የሚናገረውን ሰሌዳ አነበበና ዞር ብሎ አየኝ። «ይሄ እኮ ዲዮቅልጥያኖስ ነው» አለ።

ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። ስንክሳር ሲነበብ የስንቱ ሰማዕት ታሪክ በሱ ዘመን ነው የሚጀምረው። በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረውም እሱ ከነገሠበት ከ276 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ 284 መሆኑ ነው። ክርስቲያኖችን ማሳደዱን በ303 እ.ኤ.አ. ጀመረ፤ በ305 ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቆ ወደ ተወለደበት አካባቢ መጣና እዚህ ተቀመጠ። ተመልሰህ ንገሥ ቢሉት፣ በእጄ የተከልኩትን ጎመን ብታዩ ኖሮ ይህን አትጠይቁኝም ነበር አለ ይባላል።

በግቢው መሃል ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንፃ አለ። ለራሱ መቃብር እንዲሆን ያሠራው ነው። ዛሬ ካቴድራል ሆኗል። ስሙም ቅዱስ ዶምኒዮስ ይባላል። ይህ ሰው እዚሁ አጠገብ ባለችው በሳሎና ከተማ ጳጳስ ነበር፤ በዚያው ንጉሥ ስደት በ304 ተገደለ። ንጉሡ የተቀበረበት የድንጋይ ሣጥን ግን የት እንደገባ አይታወቅም። የሰማዕቱ ዐፅም ንጉሡ ለራሱ ባሠራው ቤት ውስጥ ነው።

ዲያቆኑ ከጣሪያው ሥር ቆሞ ዙሪያውን የተቀረጹትን ምስሎች ሲያይ ቆየ። ከዚያ አማተበ። «የራሱ አጥንት ጠፋ፣ እሱ የገደለው ሰው ቤቱን ወረሰው» አለ። ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅ ሆኖ እየተኮላተፈ ያነበበው ስም ድንጋይ ሆኖ ፊቱ ቆሟል። ለኛ የጉብኝት ቦታ ነው፣ ለሱ ግን ሌላ ነገር ነበር።

ከካቴድራሉ ፊት ከግብፅ የመጣ ጥቁር ድንጋይ ስፊንክስ፣ የሰው ራስ ያለው የአንበሳ ሐውልት፣ ተጋድሟል። ንጉሡ ሲያስመጣው ራሱ ከ1,500 ዓመት በላይ የሞላው ነበር። ልጆች ጀርባውን እየዳሰሱ ያልፋሉ።

ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ክፍት በሆነው ክብ አዳራሽ ውስጥ አምስት ወንዶች ያለ መሣሪያ ሲዘፍኑ ደረስን። ክላፓ ይሉታል። ዩኔስኮ በ2012 መዝግቦታል። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ከሥር ይይዙለታል። ድምፁ በክፍቱ ጣሪያ ወደ ሰማይ ይወጣል። ገንዘብ ያዡ ሳይጠየቅ 10 ዩሮ ባርኔጣቸው ውስጥ አኖረ። ይህ በጉዞው አንዴ ብቻ የሆነ ነገር ነው።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ፦ ብራች

ሥላሴ ነው። በጠዋቱ መርከብ ከስፕሊት ወደ ሱፔታር ተሻገርን፤ 50 ደቂቃ፣ ለአንድ ሰው 7 ዩሮ ገደማ። ከዚያ በአውቶቡስ ደሴቱን አቋርጠን ወደ ቦል።

በመስኮት የሚታየው ድንጋይ ብቻ ነው። ገበሬው ለዘመናት ለቅሞ ለቅሞ ከምሮታል፣ ካብ ክቦበታል። በካቡ መሃል ሦስት የወይራ ዛፍ፣ አምስት የወይን ግንድ ይታያል። የሰሜን ሸዋን ገበሬ አስታወሰኝ፣ ድንጋዩን ሳያነሣ ማረስ አይችልም። የብራች ድንጋይ ነጭ ነው። ትላንት የተኛንበት ቤተ መንግሥት ከዚህ ደሴት በተፈለጠ ድንጋይ ነው የተሠራው። ዛሬም ፑቺሽቻ በምትባል መንደር ልጆች ድንጋይ መጥረብ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ በጀርመንኛ አወሩኝ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል አሉኝ፣ ወይኑን በሽታ ሲፈጀው የደሴቱ ሰው ወደ ቺሊ ጎረፈ። «ቺሊ ያለው ዘመዴ እዚህ ካለው ይበልጣል» አሉ። እኔም ከየት እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ጉልበቴን መታ መታ አድርገው ወረዱ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ፦ ቦል

ዝላትኒ ራት የተባለው የባሕር ዳርቻ እንደ ምላስ ወደ ባሕሩ ገብቷል። ጫፉ በነፋስና በሞገድ እየተገፋ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይዞራል። አሸዋ አይደለም፣ ጠጠር ነው። ባዶ እግር አይሆንም። ሁለት የፀሐይ አልጋና አንድ ጥላ 40 ዩሮ ሲሉን ገንዘብ ያዡ መልስ ሳይሰጥ ወደ ጥድ ዛፎቹ ጥላ መራን። ነጠላችንን አንጥፈን ዋልን። ውሃው ቀዝቃዛና የጠራ ነው። ጣና ላይ የዋኘ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ጨውነቱ ነው፤ ሰውነትህን ወደ ላይ ይይዝሃል።

አደጋው የደረሰው ከሰዓት ነው። ከጠጠሩ ወጣ ብዬ በድንጋያማው በኩል ስገባ ጥቁር፣ እንደ ጃርት እሾሃም የሆነ የባሕር ፍጥረት ረገጥኩ። ሕመሙ እስከ ጉልበቴ ተሰማኝ። እሾሁ ተረከዜ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። እያነከስኩ ወጣሁ። ዳርቻው ላይ ዓሣ የሚያጸዱ አንድ እናት አዩኝና ቤታቸው ገብተው ወይራ ዘይት በሲኒ ይዘው መጡ። ተረከዜን በዘይቱ አሹት። ቆዳው እስኪለሰልስ ጠብቁ ብለው በእጃቸው አሳዩን።

ያኔ ሚላኖ ከቦርሳዋ ወረንጦ አወጣች። እናቷ ከባሕር ዳር የላኩላት ወረንጦ ነው። ከቁልፏ ጋር አስራ ትይዘዋለች። እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ነቀለችው። ሴትየዋ አጎንብሰው ወረንጦውን እያዩ፣ በእጃቸው ተቀብለው ገለባብጠው፣ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። አሥራ አራት እሾህ ወጣ፤ ሁለቱ ቀሩ። ለሴትየዋ ገንዘብ ልንሰጥ ብንል እጃቸውን አርገበገቡ። ማታ ብስኩት ገዝተን ደጃቸው አደረስን።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ፦ ስታሪ ግራድ

ከቦል ወደ ሕቫር ደሴት በፈጣን ጀልባ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የልሳ ወርደን በአውቶቡስ ስታሪ ግራድ ገባን። ስሙ «አሮጌ ከተማ» ማለት ነው። ከግሪክ ደሴት ከፓሮስ የመጡ ሰዎች በ384 ዓመተ ዓለም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት መሆኑ ነው፣ ቆረቆሯት።

ያከራዩን እናት ሰባዎቹን ያለፉ ናቸው። ሽቱትጋርት ፋብሪካ ውስጥ 22 ዓመት ሠርተው በጡረታ ተመልሰዋል። ልጆቻቸው እዚያው ቀርተዋል። ጀርመንኛቸው ከኔ ይሻላል። በሩ ላይ አራት ጥቁሮች ሲያዩ አልደነገጡም፤ መጀመሪያ የጠየቁን «በላችሁ?» ብለው ነው። ከዚያ በኋላ እማማ ነው ያልናቸው። ምን ማለት እንደሆነ ስንነግራቸው ደስ አላቸው።

ግቢያቸው ውስጥ የወይን ሐረግ ጥላ አለ። ዲያቆኑ ጥሬ ቡና ይዞ ነው የሚዞረው። እሳቸውን አስፈቅዶ በመጥበሻ ቆላ። ጭሱን እየዞረ ሲያሸተን እሳቸውም ልክ እንደኛ በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው ሳቡት። ማንም አላሳያቸውም። ሙቀጫው የነጭ ሽንኩርት መውቀጫ፣ ጀበናው እሳቸው የቱርክ ቡና የሚያፈሉባት ረጅም እጀታ ያላት ማፍያ ሆነ። ጎረቤታቸውን በግድግዳ ላይ ጠሩ። አቦል፣ ቶና ደረስን። በረካው ላይ ስለ ሽቱትጋርት አወሩን። መጀመሪያው ክረምት ላይ ማታ ማታ የባሕሩን ሽታ እየፈለጉ ያለቅሱ እንደነበር ነገሩን። ሚላኖ እጃቸውን ያዘች።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ፦ የግሪኮቹ ማሳ

ብስክሌት ተከራየን፤ ለቀን 12 ዩሮ። እኔ በአንድ ተረከዝ ነው የምገፋው። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ሜዳ ይገኛል። እነዚያ ግሪኮች መሬቱን በገመድ ለክተው በእኩል እኩል ሸንሽነው በካብ ከለሉት። 2,400 ዓመት አለፈ። ግዛቱ ከሮማ ወደ ቬኒስ፣ ከቬኒስ ወደ ኦስትሪያ፣ ከዚያም ወደ ዩጎዝላቪያ ተላለፈ። ካቡ ግን በቦታው ነው። ያኔም ወይንና ወይራ፣ ዛሬም ወይንና ወይራ ይበቅልበታል። ዩኔስኮ በ2008 መዝግቦታል፤ ገበሬው ግን እርሻውን ቀጥሏል።

አባቴ የጎጃም ገበሬ ልጅ ነበር። በድንበር ድንጋይ ምክንያት ወንድማማች ሲጣላ፣ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ አንዳንዴም ደም ሲፈስ ሲያወራልን አድጌአለሁ። አንድ ካብ አጠገብ ወርጄ ድንጋዩን ነካሁት። ይህን ያህል ዘመን ስንት ሰው ወደ ጎረቤቱ ማሳ ሊገፋው ፈልጎ ይሆን? አባቴ ቢያየው እመኝ ነበር።

አንድ ገበሬ ከማሳው በለስ ለቅሞ በቆቡ ሙሉ ሰጠን። በቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ሰሞን ስለሚደርስ በሱ ስም ይጠራል አለን። ዲያቆኑ የጴጥሮስ በዓል በኛ ባለፈው ቅዳሜ ነበር ብሎ ሲያስረዳው ሰውየው ሌላ እፍኝ ጨመረለት።

ማታ እማማ ፔካ ሠሩልን። የበግ ሥጋና ድንች በትልቅ ሳህን ይደረጋል። ላዩ በብረት ክዳን ይከደንና ክዳኑ ላይ ፍም ይቆለልበታል። ከላይም ከታችም እሳት አለው፤ ልክ እንደ ድፎ ዳቦ። ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ክዳኑ ሲነሣ የወጣው ሽታ እስካሁን ልብሴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሥጋው በማንኪያ ይቆረሳል። ለአራታችን 80 ዩሮ ተቀበሉ፤ ወይን ጠጁን ግን አላስከፈሉንም።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ፦ ሕቫር ከተማ

ይህቺ ሌላ ዓለም ናት። ወደቡ የሀብታም ጀልባ ብቻ ነው። አንድ ማኪያቶ 4 ዩሮ ተኩል። አደባባዩ በነጭ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ ያብረቀርቃል። በ1612 የተሠራ ትያትር ቤት አላት፤ ያኔ ባላባቱም ተራው ሰውም እኩል ይገባበት ነበር ይላሉ።

እኔን የያዘኝ ግን የመነኮሳይያቱ ዳንቴል ነው። የቤነዲክት ገዳም ሴቶች ከቃጫ ክር ዳንቴል ይሠራሉ። ቃጫ! እኛ ገመድ የምንገምድበት፣ ጆንያ የምንሰፋበት። ቅጠሉን ፍቀው ከውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ያወጣሉ። መስታወት ውስጥ የተሰቀለውን አንዱን አፍንጫዬን አስጠግቼ አየሁት። የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው። የአያቴ ደጅ ሙሉ የቃጫ አጥር ነበር። ይህ ከሱ ይወጣል ብሎ የነገረን አልነበረም።

ወደ ኮርቹላ የሚሄደው ጀልባችን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሻንጣችንን ይዘን ወደቡ ላይ ነበርን። የደቡብ ነፋስ ተነሣ። ባሕሩ ጥቁር ሆነ። ጀልባው መቅረቱን የሰማነው ከሌላ ተሳፋሪ ነው። የትኬት መስኮቱ ተዘጋ። ገንዘባችሁ በኢሜይል ይመለሳል የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ ማንም ወጥቶ ሊያናግረን አልፈለገም። ሕፃን የያዙ እናቶች ነበሩ። ይህ ልክ አይደለም። ነፋስ ሰው አያዘውም፣ ሰው ግን ሰውን ማናገር ይችላል።

በዚያ ምሽት ሕቫር ከተማ የተገኘው ክፍል ለሁለት ሰው 310 ዩሮ ነበር። ወደ እማማ ደወልኩ። ክፍላቸው ተከራይቷል። ቢሆንም «ኑ» አሉ። የመጨረሻውን አውቶቡስ ለጥቂት ደርሰንበት ስንገባ፣ ከቤቱ ሥር የወይን ጠጅ በርሜል በሚቀመጥበት ክፍል አራት ፍራሽ ተነጥፎ፣ ሾርባ ተሠርቶ ጠበቀን። ውጪ ነፋሱ ይጮኻል፣ ውስጥ የወይን ጠጅና የድንጋይ ሽታ ነው። ከጉዞው ሁሉ የበለጠ እንቅልፍ የተኛሁት እዚያ ነው። ጠዋት ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ዲያቆኑ የቀረውን ጥሬ ቡና በሙሉ ትቶላቸው ወጣ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ፦ ኮርቹላ

ባሕሩ አልበረደም ነበር። ገንዘብ ያዡ መንገዱን ሙሉ ሎሚ እያሸተተ፣ ደብተሩን ዘግቶ ተጋደመ። ኮርቹላ የደረስነው ለግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ ያሳዝናል።

የአሮጌው ከተማ መንገዶች እንደ ዓሣ አጥንት ናቸው። መሃል ላይ አንድ ዋና መንገድ፣ ከግራና ቀኝ ቅርንጫፎች። በምዕራብ በኩል ያሉት የበጋው ቀዝቃዛ ነፋስ እንዲገባ ቀጥ ብለዋል፤ በምሥራቅ ያሉት ደግሞ የክረምቱ ኃይለኛ ነፋስ እንዳይገባ ጠምዘዝ ብለዋል። ቆመን ሞከርነው። በአንዱ ነፋስ ፊታችንን ዳሰሰን፤ ተሻግረን ስንቆም ጸጥ አለ። ማርኮ ፖሎ እዚህ ነው የተወለደው ብለው አንድ ቤት ያሳያሉ። ቬኒሶች ደግሞ የኛ ነው ይላሉ። እኔ በቤቱ ውስጥ ብዙ የሚታይ ነገር አላገኘሁም፤ መንገዶቹ ይበልጣሉ።

ሐምሌ 13፣ እሑድ፦ ምልየት

እዚህ ነው ብዙ መጻፍ የምፈልገው።

ምልየት ጫካ ናት። የደሴቷ ምዕራብ በኩል ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ መግቢያው 25 ዩሮ። ፖሜና ወርደን በጥድ ሥር ሃያ ደቂቃ ያህል ስንሄድ ሐይቅ ብቅ አለ። በጠባብ መተላለፊያ ከባሕሩ ጋር የተገናኘ ጨዋማ ሐይቅ ነው። በሐይቁ ውስጥ ትንሽ ደሴት፣ በደሴቱ ላይ ገዳም አለ። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት የቤነዲክት መነኮሳት የመሠረቱት የማርያም ገዳም ነው።

አራታችንም ቆምን። ማንም ምንም አላለም። በሐይቅ መሃል በዛፍ የተከበበ ገዳም! ውሃው ሰማያዊ ባይሆን፣ ጥዱ ዋርካ ቢሆን፣ ጣና ነው።

አንዳንዶች ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት፣ እባብም እጁን የነደፈችው እዚህ ነው ይላሉ። አብዛኛው ሰው ማልታ ነው ይላል። ዲያቆኑ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28ን በቃሉ ወጣልን። እኛ ማልታ ይሁን ምልየት አልተከራከርንም።

ትንሿ ጀልባ ስትመጣ ሚላኖ ቀድማ ገባች፤ ከፊት ተቀመጠች። ስንደርስም ቀድማ ወረደች። እኔ ያኔ ነው ያስታወስኩት። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ክብራን ገብርኤልም አይገባም። በልጅነታችን ዲያቆኑ ለአገልግሎት ሲሻገር፣ እኔ ከአጎቴ ጋር አንዴ ስሄድ፣ እሷ ወደቡ ላይ ነው የምትቀረው። በሠላሳ ዓመት ጓደኝነት አንድ ቀን ምን ተሰማሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

ገዳሙ ውስጥ መነኮሳት የሉም። በናፖሊዮን ጊዜ ተዘግቶ ቀርቷል። ምድር ቤቱ ላይ ምግብ ቤት አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነው፤ ሻማ ይበራል። እሷ ጫማዋን አውልቃ ነው የገባችው፤ ማንም አውልቂ አላላትም። ከመግቢያው ሥር ተንበርክካ ቆየች።

ከወጣን በኋላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። «ዳጋ ውስጡ ምን ይመስላል?» ብላ ዲያቆኑን ጠየቀችው። ነገራት። ከጀልባው እስከ ላይ ያለውን አቀበት፣ የዛፉን ጥላ፣ የወፉን ድምፅ፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የብራና መጻሕፍቱን፣ የነገሥታቱ ዐፅም የተቀመጠበትን ዕቃ ቤት፣ አፄ ፋሲልን። ግማሽ ሰዓት አወራ። አላቋረጠችውም። ለካ እሱም ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር፤ የጠየቀው ስለሌለ።

ከዚያ ስልኳን አወጣችና ባሕር ዳር እናቷ ጋ ደወለች። ካሜራውን ዞር አድርጋ ሐይቁን አሳየቻቸው።

«እማዬ፣ ገዳም ውስጥ ነኝ።»

«የት አገር ነው? ሴት ያስገባል?»

«ያስገባል።»

እናትየው ዝም አሉ። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን አስጠግተው አዩ። «ውስጡን አሳይኝ እስቲ» አሉ። ተመልሳ ገባች። ስልኩን ከፍ አድርጋ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ሻማውን ቀስ እያለች አሳየቻቸው። ከስልኩ ውስጥ የእናትየው ድምፅ «አቤት፣ አቤት» ይላል። በመጨረሻ ሐይቁን እንደገና አዩና «እምቦጭ የለበትም?» ብለው ጠየቁ። የለበትም አልናቸው። «ተመስገን፣ ይጠብቅላቸው» አሉ። የኛ ሐይቅ በእምቦጭ መወረሩ ምን ያህል እንደሚያማቸው ያኔ ገባኝ።

የዚያን ቀን አልዋኘንም። ፖሜና አደርን።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ፦ ዱብሮቭኒክ

ከሚያምሩት ሁሉ የምታምረው ከተማ ናት፣ ከሚጨናነቁትም የምትጨናነቀው። ግንቡ ላይ መዞር 40 ዩሮ ነው። ገንዘብ ያዡ ሁለቴ ጠይቆ ከፈለ። ዙሪያው 1,940 ሜትር ነው፤ አንዳንድ ቦታ ከፍታው 25 ሜትር ይደርሳል። ጥላ የለም። ውሃ ይዞ መውጣት ነው።

ከላይ ሲታይ ጣሪያው ሁሉ ቀይ ሸክላ ነው። ልብ ብሎ ላየ ግን ሁለት ዓይነት ቀይ አለ። ደብዘዝ ያለው አሮጌው ነው። ደማቁ በ1991 እና 1992 ከተማዋ ተከባ በመድፍ ከተደበደበች በኋላ የተተካው ነው። ደማቁ ይበዛል። ከላይ ሆኜ ስቆጥር አቅቶኝ ተውኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህች ከተማ ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ በነበረችበት ጊዜ፣ በ1416 እ.ኤ.አ.፣ የባሪያ ንግድን በሕግ ከልክላለች። በዚያ ዘመን የኛን ሰው ጨምሮ ስንት ሕዝብ በቀይ ባሕር ይሸጥ እንደነበር ሳስብ፣ ያ ሕግ የወጣበትን ግቢ ቆሜ ለማየት ፈለግሁ። ቆሜም አየሁት።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ፦ መለያየት

አውሮፕላን ማረፊያው ካፌ ውስጥ ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ከፈተ። የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ቤቱን፣ ጀልባውን፣ ምግቡን ደመረ። ካጠራቀምነው 7,200 ዩሮ 84 ተርፏል። አራት ቦታ ሊከፍለው ሲል ሚላኖ እጁን ያዘችው።

«እንጦስ ሴት ያስገባል አይደል?» አለች። እንጦስ ኢየሱስ፣ ከባሕር ዳር ወደብ ብዙም የማይርቀው ደሴት።

«ያስገባል» አለ ዲያቆኑ።

«እማዬም አልሄደችበትም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ይዣት እሄዳለሁ።»

«ይዘናት» አለ ገንዘብ ያዡ። አዲስ ገጽ ገለጠና ከላይ «ጣና» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ 84 አስቀመጠ።